ግድግዳው ላይ የተከማቸው አቧራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ቀጥ ብሎ በቆመ ቱቦ ውስጥ አየር ይዞት የሚሄደውን አቧራ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ማወቅ የምፈልገው ከአቧራው ምን ያህሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር ነው። ለአየሩ ሁከቱን በአማካይ የሚያሰላውን የኬ-ኤፕሲለን ሞዴል ተጠቀምኩ። ከዚያ 50,000 ቅንጣቶች ለቅቄ በዘፈቀደ ጉዞ ሞዴል ተከታተልኳቸው። የ50 ማይክሮኖቹ ውጤት (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከታተሙ የሙከራ ልኬቶች ጋር ጥሩ ይገጥማል። የ5 እና የ2 ማይክሮኖቹ ግን ከልኬቱ እጅግ በበለጠ ይጣበቃሉ። አማካሪዬ «ሜሹን አድቅቂው» አሉኝ፤ ስሌቱ የሚሠራበትን የነጥቦች መረብ ማለታቸው ነው። አደቀቅኩት፤ ጭራሽ ባሰበት። አንድ ወር ሙሉ ኮዴ ውስጥ ስህተት ስፈልግ ከረምኩ። ጥፋቱ የት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይሄን ስህተት በገዛ እጄ ስለሠራሁት አውቀዋለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ የአየር ቱቦ መስመር ልክ እንዳንቺ ያለ ስሌት ሠራሁ። ስሌቱ ከደቃቁ አቧራ ብዙው መንገድ ላይ ግድግዳው ላይ ይቀራል አለኝ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያለው ማጣሪያ አነስ ቢል ይበቃል ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም። ማጣሪያው ተገጠመ። ከታሰበው ጊዜ በጣም ቀድሞ ተደፈነ። ቱቦው ሲፈታ እኔም ቆሜ ነበር። ውስጡን በባትሪ አየነው። ግድግዳው ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። አቧራው በሙሉ አልፎ ሄዷል። ያ ንጹሕ ግድግዳ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ለዚህ ነው ለጥያቄሽ ሰፋ አድርጌ የምመልስልሽ።

መጀመሪያ ኮድሽ ውስጥ ስህተት መፈለጉን አቁሚ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ኮዱ የታዘዘውን ነው የሠራው። ችግሩ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 በመስታወት ቱቦ ውስጥ በሚሄድ ውሃ መሐል ቀለም ለቅቆ ተመለከተ። ውሃው ዝግ ሲል ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ ይርገበገባል፣ ይበጣጠሳል፣ ከዚያ ቱቦውን በሙሉ ይሞላዋል። ተርቡለንስ የምንለው ይሄን ሁከት ነው። ራሱ ሬይኖልድስ በ1895 ፍጥነቱን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ አማካዩ ነው፣ ሌላው ከአማካዩ የሚዋዥቀው። የዛሬው ኬ-ኤፕሲለን የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅርጹን ያዘ፤ ዛሬም ብዙ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው።

ታዲያ ይሄ ሞዴል ምን ይሰጥሻል? ከአማካዩ ፍጥነት ሌላ በየቦታው ሁለት ቁጥር ይሰጥሻል። ኬ ሁከቱ የያዘው ኢነርጂ ነው። ኤፕሲለን ያ ኢነርጂ በምን ፍጥነት ወደ ሙቀት እየተለወጠ እንደሚያልቅ ይነግርሻል። አዙሪት ግን አንድም አይሰጥሽም። አዙሪቶቹ ሁሉ አማካዩ ውስጥ ቀልጠዋል።

ቅንጣቷን ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚወረውራት አዙሪት ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የጠፋውን አዙሪት በዕጣ ይተካዋል። ኬን በ2/3 ያባዛና ስኩዌር ሩቱን ይወስዳል። ያንን በዘፈቀደ በወጣ ቁጥር ያባዛዋል። «አሁን ያለሽበት አዙሪት ይህን ያህል ወደ ግድግዳው ይገፋሻል» ይላታል። አዙሪቱ ዕድሜው ሲያልቅ ወይም ቅንጣቷ አቋርጣው ስትወጣ ሌላ ዕጣ ይወጣል። የዘፈቀደ ጉዞ የምትይው ይሄው ነው።

አሁን አስተውዪ። ዕጣው ለሦስቱም አቅጣጫ በእኩል ኃይል ነው የሚወጣው። ከግድግዳ ራቅ ስትዪ ይሄ ብዙ አይጎዳም። ግድግዳው አጠገብ ግን ፍጹም ስህተት ነው። አየር ግድግዳ ሰብሮ አያልፍም። ስለዚህ ወደ ግድግዳው የሚደረገው መዋዠቅ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞታል። ከግድግዳው ያለሽ ርቀት በግማሽ ሲያጥር፣ በቱቦው ርዝመት ያለው መዋዠቅ በግማሽ ይቀንሳል። ወደ ግድግዳው ያለው ግን ሩብ ይሆናል። ኬ ደግሞ የሁሉም ድምር ስለሆነ በርዝመቱ አቅጣጫ ያለው ብርቱ መዋዠቅ ይዞት ይቆያል። ሶፍትዌሩ ያንን ወስዶ ቅንጣቷን በእውነቱ ዓለም በሌለ ኃይል ወደ ግድግዳው ይወረውራታል። ግድግዳውን ስትነካ ደግሞ «ተጣበቀች» ተብላ ትመዘገባለች። መመለሻ የላትም።

ይሄን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። ጆን ኪም፣ ፓርቪዝ ሞይንና ሮበርት ሞዘር በ1987 በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚሄድ ፍሰትን ያለ ምንም የተርቡለንስ ሞዴል አስልተው አሳትመዋል። ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጋ ነጥብ ላይ ነው የሠሩት። ወደ ግድግዳው ያለውን መዋዠቅ የሚያሳየውን መስመራቸውን ውሰጂ። ሶፍትዌርሽ ከኬ አውጥቶ የሚጠቀምበትን መጠን ከጎኑ ሣይው። እኔ ከዚያ ሪፖርት በኋላ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ስሥላቸው ግድግዳው አጠገብ ያለው ክፍተት ነው ሁሉንም የነገረኝ።

ሁለተኛ ጥፋትም አለ፤ ይሄኛው ረቀቅ ያለ ነው። የመዋዠቁ ኃይል ከቦታ ቦታ ሲለያይ፣ በዕጣ የሚሄዱ ቅንጣቶች ሁከቱ ወደ ደከመበት ቦታ ይሰበሰባሉ። ከብርቱው ቦታ ቶሎ ተወርውረው ይወጣሉ። ጸጥ ያለው ቦታ ከገቡ በኋላ ግን የሚያስወጣቸው ግፊት አያገኙም። እውነተኛ አየር እንዲህ አያደርግም። ክብደት የሌለው ጢስ ቱቦውን እኩል ከሞላው እኩል እንደሞላው ይቆያል። ዴቪድ ቶምሰን በ1987 ይሄን እንደ መመዘኛ አስቀመጠው፤ እኩል የተደባለቀው እኩል እንደተደባለቀ መቅረት አለበት።

ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ፈተና አድርጊ። ቅንጣቶቹን ኢነርሺያ የሌላቸው አድርጊያቸው፤ ከአየሩ ጋር ብቻ የሚሄዱ ይሁኑ። ቱቦው ውስጥ እኩል በትኛቸው። ግድግዳው ደግሞ አይያዛቸው፣ ይመልሳቸው። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ከመሐል እስከ ግድግዳ ቁጠሪያቸው። ግድግዳው ጋ ከበዙ ክምችቱን የፈጠረው ሞዴሉ ራሱ ነው። ይሄ ፈተና ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። እኔ አላውቀውም ነበር። ባውቀው ኖሮ ያንን ሪፖርት አልፈርምም ነበር።

አንድ ነገር እንዳታቀላቅዪ። ግድግዳው ጋ የሚታይ ክምችት ሁሉ ውሸት አይደለም። ኢነርሺያ ያላቸው ቅንጣቶች በእውነትም ሁከቱ ከበረታበት ወደ ደከመበት ይገፋሉ። ይሄ ቱርቦፎረሲስ ይባላል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ክብደት አልባዎቹን መጀመሪያ ፈትኚ የምልሽም ለዚህ ነው። እነሱ እኩል ተበትነው ከቆዩ፣ በከባዶቹ የምታዪውን ማመን ትችያለሽ።

አሁን የ50 ማይክሮኖቹ ለምን ገጠሙ? እዚህ ላይ ሳልቆይ ማለፍ አልችልም፤ የዚህ ሥራ ቁልፍ እሱ ነውና። እያንዳንዷ ቅንጣት ከአየሩ ጋር እስክትስማማ ጊዜ ይፈጅባታል። ያ ጊዜ የሚያድገው በዲያሜትሩ ስኩዌር ነው። የአቧራሽ እፍግታ እንደ ውሃ ነው ብንል፣ ለ50 ማይክሮኗ ወደ 8 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ለ5 ማይክሮኗ 0.08 ሚሊሰከንድ ነው። መቶ እጥፍ ልዩነት! ትልቋ ከቱቦው መሐል ባሉት አዙሪቶች ተወርውራ ትመጣና ግድግዳው አጠገብ ያለውን ስስ ንብርብር በራሷ ግስጋሴ ሰንጥቃው ታልፋለች። እዚያ ያለው መዋዠቅ በትክክል ተሰላ አልተሰላ አትሰማውም። ትንሿ ግን እዚያ ንብርብር ውስጥ ገብታ አየሩን ትታዘዛለች። አየሩ በትክክል ካልተሰላ እሷም ጠፋች ማለት ነው። ይሄን የቅንጣቷን ጊዜ ለአዙሪቱ ጊዜ ስታካፍዪው የስቶክስ ቁጥር ታገኛለሽ። እኔ ማንኛውንም ስሌት ከመጀመሬ በፊት ይሄን ቁጥር በወረቀት ላይ አወጣዋለሁ። ከየትኛው አዙሪት ጋር እንዳካፈልኩትም አጠገቡ እጽፋለሁ፤ አንድ ቅንጣት ለትልቁ አዙሪት ታዛዥ፣ ለትንሹ ደግሞ ግትር ልትሆን ትችላለችና።

ሜሹን ስታደቂው ለምን ባሰበት? አየርሽ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ የሚሄድ ከሆነ፣ የግድግዳ አሃድ የምንለው ርዝመት ወደ 0.03 ሚሊሜትር ይጠጋል። መደበኛው ኬ-ኤፕሲለን ከግድግዳ ቀመር ጋር፣ ማለትም ግድግዳው አጠገብ ያለውን ፍሰት በማስላት ፈንታ ከሚገምተው ቀመር ጋር ሲሠራ የመጀመሪያው ነጥብ ከግድግዳው ቢያንስ 30 አሃድ እንዲርቅ ይፈልጋል። ይሄ 0.9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ስትወርጂ ቀመሩ የቆመበትን መሬት ታሳጪዋለሽ። ሳትወርጂ ብትተዪው ደግሞ ለ5 ማይክሮን ቅንጣት 0.9 ሚሊሜትር ሰፊ ሜዳ ነው፤ 180 ዲያሜትሯ ይሆናል። ያንን ሁሉ ሜዳ በአንድ የኬ ዋጋ ታቋርጠዋለች። አማካሪሽ ሜሹን አድቅቂ ማለታቸው ለሌላ ሞዴል ቢሆን ልክ ነው። ከዚህ ሞዴል ጋር ግን አይሄድም።

መፍትሔው እነሆ። እስከ ግድግዳው ድረስ የሚወርድ፣ የግድግዳ ቀመር የማይፈልግ የተርቡለንስ ሞዴል ምረጪ። የመጀመሪያው ነጥብ 1 አሃድ ገደማ ላይ ይሁን። ወደ ግድግዳው የሚወጣውን ዕጣ ከኬ አታውጪው፤ ከእነኪም መስመር አውጪው። ለዕጣው ደግሞ የሁከቱን ልዩነት የሚያካክስ የእርማት ተጨማሪ ጨምሪበት፤ የቅንጣትን የዘፈቀደ ጉዞ ከሚገልጸው ላንዠቫን ከሚባለው ቀመር ጋር የሚሄደው እሱ ነው። ከዚያ የጢሱን ፈተና ድገሚው። እያንዳንዱን አቅጣጫ ለብቻው የሚያሰላ የሬይኖልድስ ጫና ሞዴልም ይረዳል፤ የእርማቱን ተጨማሪ ግን አይተካም። ጊዜና ኮምፒውተር ካለሽ ትልልቆቹን አዙሪቶች በቀጥታ የሚያሰላው መንገድ ይሻላል። ስማጎሪንስኪ በ1963 ለአየር ጠባይ ሥራ የጀመረው ነው። ቢሆንም ለማስተርስ ሥራ የመጀመሪያው መንገድ ይበቃሻል ባይ ነኝ።

ስለ ቅንጣቶቹ ብዛትም አንድ ነገር ልበልሽ። ከ50,000 ውስጥ ከሺህ አንዷ ብቻ ብትጣበቅ የተጣበቁት 50 ናቸው። የ50 ስኩዌር ሩት 7 ነው። ስለዚህ ውጤትሽ በዕጣው ምክንያት ብቻ በ14 በመቶ ወዲያና ወዲህ ይላል። ግማሽ ልታደርጊው ብትፈልጊ 200,000 ልቀቂ። ሞዴሉን ስታስተካክዪ የ2 ማይክሮኖቹ ቁጥር በጣም ስለሚወርድ ይሄ ያስፈልግሻል።

ጥያቄ፦ የዛሬ ኮምፒውተር ይሄን ያህል ከበረታ ለምን ያለ ሞዴል ሁሉንም አዙሪት አናሰላም?

መልስ፦ የአዙሪቶቹ ብዛት ይቀድመናል። ኮልሞጎሮቭ በ1941 ባወጣው ሐሳብ መሠረት የትንሹን አዙሪት መጠን መገመት እንችላለን። ከዚያ ስንነሣ የሬይኖልድስ ቁጥር፣ ማለትም ፍሰቱ ምን ያህል ለሁከት የቀረበ እንደሆነ የሚለካው ቁጥር፣ 10 እጥፍ ሲያድግ የሚያስፈልጉት ነጥቦች 180 እጥፍ ያህል ይበዛሉ። የጊዜ እርምጃውም ስለሚያጥር ጠቅላላ ሥራው ወደ 1,000 እጥፍ ይደርሳል። ኦርዛግና ፓተርሰን በ1972 እንዲህ ያለውን ያለ ሞዴል የሚሠራ ስሌት ሲጀምሩ በየጎኑ 32 ነጥብ ነበራቸው፤ ሲባዛ 32,768 ነው። ዛሬ ትሪሊዮኖች ላይ ተደርሷል። ያም ሆኖ የትልቅ ወንዝን ወይም የትልቅ ጭስ ማውጫን ሁሉንም አዙሪት መያዝ አልተቻለም። ቅንጣቷ ከትንሹ አዙሪት ከበለጠች ደግሞ በእያንዳንዷ ዙሪያ ያለውን ፍሰትም ማስላት ሊኖርብን ነው። እንዲህ ያሉ ስሌቶች ዋጋቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ሞዴሎቻችንን የምንመዝንባቸው ሚዛን ናቸው። ከላይ ለእህታችን የሰጠኋት መስመር ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ዱቄት በአየር ግፊት በቱቦ የምናጓጉዝበት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ስሌቱን የሚሠራልን ባለሙያ አየሩን ብቻ አስልቶ ከዚያ ቅንጣቶቹን ይለቃል። ቅንጣቶቹ አየሩን መልሰው አይነኩትም ወይ? መቼ ነው ይሄን መቁጠር ያለብን?

መልስ፦ ይነኩታል። የእርስዎ ጥርጣሬ ልክ ነው።

ሳይድ ኤልጎባሺ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ካርታ አለ፤ ባለሙያው ያውቀዋል ብዬ እገምታለሁ። በቀላሉ ልንገርዎት። አንድ ሜትር ኩብ አየር ያስቡ። በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች በሙሉ ቢሰበሰቡ ከ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ካነሱ አየሩን አይነኩትም ማለት ይቻላል። ከዚያ እስከ 1 ሊትር ድረስ አየሩን መልሰው ይገፉታል። ከ1 ሊትር ካለፉ እርስ በርስ መጋጨታቸውም መቆጠር አለበት።

ይሄ ጥቂት ሊመስልዎት ይችላል፤ በሚዛን ሲያዩት ግን ጥቂት አይደለም። አየሩ ራሱ የሚመዝነው 1.2 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። እፍግታው እንደ አሸዋ የሆነ ዱቄት 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቢገባበት 265 ግራም ነው፤ ከአየሩ ክብደት ከአምስት አንድ እጁን ይበልጣል። ያን ያህል ሸክም የተሸከመ አየር እንደ ባዶ አየር አይሄድም። በግፊት የሚያጓጉዝ መስመር ላይ ደግሞ የዱቄቱ ክብደት ከአየሩ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ አየሩን ብቻ አስልቶ ማለፍ ለእርስዎ መስመር የሚሆን አይመስለኝም። የግፊት መውደቁን አሳንሶ ይነግርዎታል።

ሁከቱስ? ጎርና ክሮው በ1989 ብዙ ሙከራዎችን ሰብስበው አንድ ነገር አስተዋሉ። የቅንጣቱ ዲያሜትር ከትልልቆቹ አዙሪቶች መጠን ከአንድ አሥረኛ ካነሰ ሁከቱን ያለዝበዋል። ከበለጠ በኋላው በሚተወው አዙሪት ሁከቱን ይጨምረዋል። ይሄ ለመጀመሪያ ግምት ይጠቅማል። ቅንጣቱና አዙሪቱ ድንበሩ አጠገብ ከሆኑ ግን አይመኑት።

አማካይ መጠኑ ብቻ እንዳያታልልዎት ደግሞ እሰጋለሁ። ማርቲን ማክሲ በ1987፣ ስኳየርስና ኢተን በ1991 በስሌት እንዳሳዩት፣ የስቶክስ ቁጥራቸው ከትንንሾቹ አዙሪቶች ጋር ሲለካ 1 አካባቢ የሆነ ቅንጣቶች እኩል አይበተኑም። አዙሪቱ ከመሐሉ አውጥቶ ይወረውራቸዋል። በአዙሪቶች መካከል ባሉ ቀጫጭን መስመሮች ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ መስመር ላይ ያለው ብዛት ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በአማካይ አይጋጩም የተባሉት እዚያ ይጋጫሉ። ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ላይ ያየሁ ቀን ሥራ አቁሜ ሌሎቹን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ጥቁር ባዶ ክቦች፣ በዙሪያቸው እንደ ክር የተሰካካ አቧራ። በአማካይ የሚሠራው ሞዴል ይሄን ፈጽሞ አያሳይም።

ባለሙያውን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ዱቄቱና አየሩ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ስንት ኪሎ ናቸው? ሁለተኛ፣ ቅንጣቶቹ አየሩን መልሰው እንዲገፉ ሲደረግ የግፊት መውደቁ በስንት ይለወጣል? ሁለተኛውን ለመመለስ ያለውን ስሌት አንድ ጊዜ ደግሞ ማስኬድ ይበቃዋል። ቁጥሩ በ2 እና በ3 በመቶ ብቻ ከተለወጠ እንዳለ ይቀጥል። በ20 በመቶ ከተለወጠ የእስካሁኑን ስሌት ያስቀምጡት። መስመሩ መታጠፊያዎች ካሉት ዱቄቱ እዚያ በውጪው ግድግዳ በኩል ስለሚታጨቅ ግጭቱም ይቆጠር፤ ከንደልና ስትራክ በ1979 ያስተዋወቁት እያንዳንዱን ጥራጥሬ ለየብቻ የሚከታተለው ዘዴ ለዚያ ይሆናል። መላውን መስመር በሱ ማስላት አያስፈልግም፤ መታጠፊያውን ብቻ ቆርጦ ይሥራው።